ሳይመረቅ የማይለኮስ ምድጃ

ስለ ምድጃ ከእኔ ጋር አትከራከሩ። በሌላ ነገር እረታ ይሆናል፣ በምድጃ ግን አልረታም። ጉራ እየነዛሁ አይደለም፤ ጉራ የሚነዛውን ሰውዬ ቆይቼ አመጣላችኋለሁ። እኔ አስመራ፣ ዓባ ሻውል፣ በጠባብ የድንጋይ ቤት ያደግሁ፣ ከሰሉ ሲረጥብ በላምባ፣ ላምባው ሲጠፋ በከሰል እያበሰልኩ የኖርኩ ሴት ነኝ። ቀን ለሰው ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ፤ ቤቴ ስገባ ድስት እጥዳለሁ። አማርኛውን የተማርኩት በትምህርት ቤት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ስላስተማርኩበት ዛሬ እንዳሰኘኝ ብሳደብበት ከልካይ የለኝም።

ጊዜው ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ሁሉም ነገር ወደ ንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የተጠቃለለበት ዘመን ነበር። በዚያ ዘመን ሳይመረቅ ሥራ የሚጀምር ነገር አልነበረም። የቧንቧ ውሃ ይመረቃል፤ ሁለት ክፍል ትምህርት ቤት ይመረቃል፤ እኛ ትምህርት ቤት ደግሞ፣ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባምና፣ የሽንት ቤት አጥር ተመርቋል። ሪባን ይወጠራል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ሹሙ መቀስ ይቀበላል፣ እኛ እናጨበጭባለን። ቧንቧው በማግስቱ ውሃ ቢያቆም የሚጠይቅ የለም፤ አንዴ ተመርቋላ!

አቦይ፣ አባቴ ማለቴ ነው፣ በጎልማሳነታቸው በጣልያን ጊዜ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበሩ። ከነፋሲት በታች፣ ሐዲዱ ገደሉን እየታከከ ቁልቁል በሚወርድበት በኩል፣ ድንጋይ ሲፈልጡ ታናሽ ወንድማቸውን ናዳ ገደለባቸው። ከሐዲዱ ራቅ ብሎ ካምፓቸው ከነበረበት ሸለቆ ማዶ፣ አንድ ትልቅ ዳዕሮ፣ ዋርካ ማለት ነው፣ ሥር ቀበሩት። አለቃው ጣልያን ለቀብሩ የፈቀደላቸው ግማሽ ቀን ብቻ ነበር፤ በነጋታው ወደ ሥራ ተመለሱ። ምልክት እንኳ አላቆሙለትም። አቦይ ይህን የሚያነሱት ከስንት አንዴ ነው፤ ሲያነሱት ግን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቃል ነው፦ «ወንድሜን እንደ ውሻ ጥዬው መጣሁ።»

እርጅናው ሲጫናቸው ብረት ቀጥቃጮቹ ገበያ፣ መደበር፣ ሄደው ትንሽ የብረት መስቀል አስበየዱ። «ይህን ራሱጌው ላይ ሳልተክል አልሞትም» አሉ። ችግሩ ጨጓራቸው ነበር። ሐኪሙ ቁስል ነው ብሏቸዋል፤ ትኩስ ትኩሱን፣ ቀጠን ያለውን፣ በትንሽ በትንሹ ካልወሰዱ እጥፍ አድርጎ ይጥላቸዋል። ቀዝቃዛ ነገር የቀመሱ ቀን ሌሊቱን ሙሉ ጉልበታቸውን አቅፈው ሲያቃስቱ ነበር የሚያድሩት። እናቴ ቁርጡን ተናገሩ፦ «መንገዱ ላይ ትኩስ አጥሚት የሚያገኙ ከሆነ ይሂዱ። ካልሆነ ከዚህ ደጅ አይወጡም።»

በባቡር ሄዶ መመለስ አይቻልም ወይ ትሉ ይሆናል። ባቡሩ የሚያደርሰው እስከ ነፋሲት ነው። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው፤ አንድ ቀን ሄደው፣ አሮጌው ካምፕ አድረው፣ በማግስቱ ጠዋት ሸለቆውን ተሻግረው ነው ዳዕሮው ዘንድ የሚደረሰው። ሙት ዓመቱ የሚውለው ደግሞ በጥር ነው። በጥር እኛ አስመራ በፀሐይ ስንነድ፣ ያ ቁልቁለት ዝናብና ጉም ነው። እንጨቱ እንደ ሰፍነግ ውሃ ጠጥቶ ይቀመጣል፤ ክብሪት ብትጨርሱበት ይስቅባችኋል እንጂ አይነድም። ቴርሞስ የምታቆየው እስከ ማምሻው ነው። ስለዚህ የአቦይ ጉዞ በአንድ ነገር ላይ ተንጠለጠለ፤ በጀርባ የሚታዘል፣ በዝናብና በነፋስ የሚነድ፣ የማይከዳ ምድጃ። መራጯ እኔ ሆንኩ።

መጀመሪያ ዋናው ጎዳና ላይ ያለ አንድ ትልቅ መደብር ገባሁ። ሻጩ ፀጉሩን በቅባት ለጥፎ፣ ጥፍሩን እየሞረደ ነበር። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ባለ ክር የላምባ ምድጃ አውጥቶ «ይሄ ለሴት ይስማማል» አለኝ።

«ነፋስ ላይስ?» አልኩት።

«ነፋስ ላይ ለምን ታበስያለሽ?»

እንዲህ ዓይነቱን ሰው ምን ትሉታላችሁ? ምድጃ ይሸጣል፣ ምድጃ ግን ከቤት ወጥቶ እንደሚያውቅ አልሰማም። ባለ ክር ምድጃ ለጓዳ መልካም ነው፤ ደጅ ያወጣችሁት ቀን ግን ጭሱን ለእናንተ፣ ሙቀቱን ለአገሩ ይሰጣል። ደህና ዋል ብዬው ወጣሁ።

ቀጥሎ ከአሜሪካኖቹ ጦር ሰፈር የሚወጣ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ዘንድ ሄድኩ። እሱ ደግሞ የቤንዚን ምድጃ አሳየኝ። እውነቱን መናገር አለብኝ፣ ታምራለች። ነሐስዋ ያበራል፣ እንደ ሙዳይ ታጥፋ ትዘጋለች፣ ክብደቷ የዳቦ ያህል ነው። ነጋዴው ሌባ ቢሆንም ውሸታም አልነበረም። «ይህቺ የምትጠጣው ለሷ ተብሎ የተጣራውን ንጹሕ ቤንዚን ነው» አለኝ። «የመኪና ቤንዚን ከሰጠሻት ጉሮሮዋ ይዘጋል። እንዲያም ሲሆን መውጊያ መርፌዋ ካለ ትተርፋለች፤ እኔ ዘንድ ያሉት ግን መርፌያቸው ጠፍቷል።» ንጹሑ ቤንዚን የት ይገኛል ብዬ ብጠይቀው «አሜሪካኖቹ ዘንድ ብቻ» አለኝ። እንግዲህ አስቡት። ጉም ውስጥ፣ ገደል አፋፍ ላይ ቆሜ አሜሪካዊ ልጠራ ነው! ላምባ ግን የትም ገጠር፣ ጨውና ክብሪት በሚሸጥበት ደሳሳ ሱቅ ሁሉ አለ፤ ሰው ኩራዝ ያበራበታላ።

የመረጥኳትን መደበር ነው ያገኘኋት፤ ቆርቆሮና በርሜል ከሚቀጠቅጡት መሀል። ባለ ፖምፓ የላምባ ምድጃ ነች። ሆዷ ተጨርምቷል፣ አንድ እግሯ ተጣሞ ተቃንቷል፣ መልኳ የጦር ጉዳተኛ ይመስላል። ሰው ምድጃን እንደ ሙሽራ በልብሷ ይመርጣል። እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ በጆሮዬና በጣቴ ነው የመረጥኳት። ፖምፓውን ስገፋው መልሶ እጄን ገፋኝ፤ ነፋስ አያመልጠውም ማለት ነው። ራሷን ስፈታው ያለ ጉጠት በጣቴ ተፈታልኝ፤ ብርድ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እሳቱ የሚወጣበትን፣ የመርፌ ዓይን የማያክለውን ቀዳዳ የሚወጋው መርፌ በክር ታስሮ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ቤት ወስጄ አሠቃየኋት። ለመታመን የሚፈልግ ነገር መጀመሪያ መሠቃየት አለበት። አመሻሽ ላይ ነፋሱ ሲነሳ ግቢው መሀል አስቀምጬ ለኮስኳት። ጣራው ሥር፣ ጠፈጠፉ በሚደርስበት ለኮስኳት። ተዳፋት ላይ አዘንብዬ ድስት ጣድኩባት። የፖምፓዋ ቆዳ ደርቆ ሲያስቸግረኝ አውጥቼ ዘይት አጠጣሁት። አመሏንም ተማርኩ፤ አስቀድማ አናቷ ላይ ጭላጭ ስፒሪቶ፣ የሚነደው አልኮል፣ ነድዶ ካልሞቀች ታኮርፋለች፣ ጥቁር ጭስ ትተፋለች። ከሞቀች በኋላ ግን ሰማያዊ እሳት ነች፤ ሽሽሽ እያለች ብትፈልጉ እስከ ንጋት። አቦይ በርጩማቸውን ይዘው አጠገቧ ይቀመጡ ነበር። ከምድጃዋ ጋር ስጣላ ያያሉ፣ የፈላውን አጥሚት ይቀምሳሉ። «ይህቺስ ትዘፍናለች» ይሉኛል። እናቴም በመጨረሻ፣ እየተነጫነጩም ቢሆን፣ እሺ አሉ። አቦይ የዚያን ቀን የብረት መስቀሉን አውጥተው በጨርቅ ወለወሉት።

አሁን ጉረኛውን ላምጣላችሁ። የታላቅ እህቴ ባል ነው፤ አማቻችን። የተወለደው እዚሁ ዓባ ሻውል፣ ከኛ በታች ባለው መንደር ነው፤ እናቱ ጠላ ነጋዴ ነበሩ፣ እሳቸው ደግሞ ወርቅ ሰው። የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ቢሮ ተቀጠረና ገጀረት ሰፈር ቪላ ያዘ። ከዚያ ወዲህ በትግርኛ ሲያናግሩት በአማርኛ ይመልሳል። አማርኛውንም ብትሰሙት! የእኔ አምስተኛ ክፍሎች ያርሙት ነበር። «አባባ» ይላቸዋል አቦይን፤ አቦይ የሚለው ቃል ጉሮሮውን የሚያሳክከው ይመስል። ሥራው ምን እንደሆነ ለረጅም ጊዜ ገብቶኝ አያውቅም ነበር። አንድ ቀን ትምህርት ቤታችን ለምረቃ ከሹማምንቱ ጋር ሲመጣ አየሁት፤ መቀሱን በትራስ ላይ ተሸክሞ የሚቆመው እሱ ኖሯል። ለካ ያ ሁሉ ክራቫት፣ ያ ሁሉ ደረት መንፋት ለመቀስ ነው!

ስቄ ባለፍኩት ነበር፤ የማይሳቅበት ነገር ባይኖረው። አማቻችን ሰው ፊት ክብሩ የተነካ እንደሆነ እዚያ ምንም አይልም። ቤቱ ገብቶ ነው የሚተነፍሰው። ያን ሳምንት እህቴ እኛ ዘንድ አትመጣም። በሚቀጥለው ስትመጣ ነጠላዋን እስከ አገጭዋ ተከናንባ ነው። እናቴ «ብርድ ነው?» ይሏታል፣ እሷም «እወ፣ ብርድ ነው» ትላለች። ግንቦት ላይ፣ በዚያ ፀሐይ።

የጉዟችንን ወሬ ከእህቴ ሰምቶ እሑድ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ከተፍ አለ። ሪባን የታሰረበት ሳጥን ይዟል። «አባባ፣ ጉዞዎ የእኔም ጉዳይ ነው» አለ። «ዘመናዊ ምድጃ አምጥቼልዎታለሁ። እኔም አብሬ እወርዳለሁ።» እናቴ ሳጥኑን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ቡፌው ላይ አስቀመጡት። በእኛ ዘንድ ስጦታን ሰጪው ፊት ከፍቶ ማገላበጥ ነውር ነው፤ ስስት ይመስላል፣ ጥርጣሬም ይመስላል። ስለዚህ ሁላችንም ሳጥኑን ሳናይ አመሰገንነው።

ሊወጣ ሲል በር ላይ ዞር አለ። «አደራ፣ ማንም እንዳይለኩሰው። እዚያው ካምፑ ላይ እንመርቀዋለን።»

በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም። ምድጃ ሊመረቅ! መኪናው እንደሄደ ወደ ቡፌው ተንደረደርኩ። የሳጥኑ ጎን ስንጥቅ ነበረው፤ አጮልቄ አየሁ። ያቺው ነች፣ እንደ ሙዳይ የምትታጠፈው፣ ነሐስዋ የሚያበራው የአሜሪካን ቆንጆ።

«አቦይ፣ ይህቺን አውቃታለሁ፣ ታሪኳ ብዙ ነው» አልኩ። «አንድ ጊዜ ልለኩሳትና እንያት።»

«ሪባኑ ተፈትቶ ቢያገኘው ምን ይላል?»

«የፈለገውን ይበል!»

«ጓለይ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሰው እጁን ዘርግቶ ሲሰጥሽ እጁን አትመርምሪ።»

የአባት ቃል ነውና ሳጥኑን ተውኩት። የጉዞው ጠዋት የራሴን ምድጃ ጋቢ ውስጥ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ሥር ከተትኳት። ከቤት ልንወጣ ስንል አቦይ አፍንጫቸውን ነፋ ነፋ አደረጉ። ላምባ ሸቷቸዋል። ቦርሳዬን ከፈቱ፣ ምድጃዬን አወጡ፣ አልጋው ሥር አስገቧት። «ሌላ ይዘን ከሄድን ፊቱ ላይ እንደመትፋት ነው» አሉ። እናቴ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ አቦይ እጃቸውን አነሱ። አማቻችን ደጅ ላይ የመኪና ጥሩምባ እያስጮኸ ነበር።

እንግዲህ እዩልኝ። ሦስታችንም፣ አቦይም እናቴም እኔም፣ ያልተፈተነ ምድጃ ይዞ ገደል መውረድ እብደት እንደሆነ እናውቃለን። ሪባኑ እንዳይፈታ ብለን ግን እናቴ ሸኙን፣ እኛም ወረድን። ይሉኝታ እንዲህ ነው፤ ሰው እያወቀ ገደል ይገባል፣ ገፍታሪው እንዳያፍር ብሎ።

መኪናው ጣቢያ አደረሰን፤ ከዚያ ነፋሲት ድረስ በባቡር ሄድን። አማቻችን ቦት ጫማውን በቀለም አስወልውሎ፣ ክራቫቱን አስሮ፣ የሽርሽር ሰው መስሎ ነበር። ሻንጣውን እኔ ተሸከምኩለት፤ የራሱን ምድጃ ብቻ ይዟል፣ እንደ ታቦት ደረቱ ላይ አቅፎ። ከነፋሲት ወዲያ ጉሙ ዋጠን። አቦይ በትራቸውን ይዘው ከፊት ከፊት ይሄዳሉ፤ መንገዱን በዓይን ሳይሆን በእግራቸው ያስታውሱታል። «እዚህ ጋ ውሃ እንቀዳ ነበር። እዚህ ጋ አለቃው በቅሎው ወደቀበት» ይላሉ። እንዲያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። ቀን ላይ ከቴርሞሱ አንድ ኩባያ አጥሚት ጠጡ፣ ትኩስ ነበር፣ ደህና ሆኑ። ቀሪውን ለማታ አስቀመጥንላቸው።

ካምፑ ስንደርስ ገና አልጨለመም። ከካምፑ የቀረው ጣራው የወደቀ አንድ የድንጋይ ቤት ነው፤ ጥጉ ላይ ትንሽ መጠለያ አለ። አቦይ ደክመዋል፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀመጡ። ቴርሞሱን ከፍቼ ጣቴን ነከርኩ። ቀዝቅዟል።

«አሁን የምድጃው ሰዓት ነው» አልኩ።

ያ ሰውዬ ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ሪባኑን ከሳጥኑ ፈታና በሁለት ድንጋዮች መሀል ወጠረው። ከኪሱ መቀስ አወጣ። መቀስ! ወደዚያ ገደል መቀስ ይዞ ወርዷል! አንድ በሽተኛ ሽማግሌና አንዲት በብርድ የምትንቀጠቀጥ ሴት ፊት ቆሞ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ስለ ሥልጣኔና ስለ ዘመናዊ ኑሮ ተናገረ። ከዚያ መቀሱን ለአቦይ በሁለት እጁ አቀረበላቸው። አቦይ ተነስተው ሪባኑን ቆረጡ። እኔ አላጨበጨብኩም፤ እሱ ራሱ አጨበጨበ።

«ቤንዚኑ ከየት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ከመሥሪያ ቤቱ መኪና ነው፤ ምርጥ ቤንዚን!»

አበቃ፣ አልኩ በሆዴ።

ለኮሳት። ቦግ አለች፣ ቅንድቡን ለበለበችው፣ እሰይ! አጥሚቱን በድስት አድርጎ ጣደባት። እሳቷ ቢጫ ሆነ፣ አሳላት፣ የድስቱን ቂጥ አጠቆረችና ጠፋች። ደግሞ ለኮሳት፣ ደግሞ ጠፋች። ቀዳዳዋ ተዘግቷል። መርፌዋን ፈለገ፤ ሳጥኑ ውስጥ የመርፌ ቦታ አለ፣ መርፌ የለም። ያኔ ሹማችን ሄዶ ከግራር እሾህ ቀነጠበና ቀዳዳውን ይወጋ ጀመር። «ተው፣ ይሰበራል» ብዬ ሳልጨርስ ቀጭ አለ። እሾሁ ውስጥ ቀረ። ምድጃዪቱም በተመረቀች በዚያችው ሰዓት ሞተች።

ጥፋቱ የነፋሱ ሆነ፣ ቀጥሎ የከፍታው፣ ቀጥሎ የአሜሪካኖቹ። እኔ ያገኘሁትን ጭራሮ ሁሉ ሰብስቤ ቤንዚኑን አርከፈከፍኩበት፤ ቤንዚኑ ነደደ፣ እንጨቱ እንደረጠበ ቀረ። ዞር ስል አማቻችን ድስቱን ወደ ኩባያ ገልብጦ ለአቦይ አቅርቦላቸዋል። ፊቱ እንደ ልጅ ፊት ሆኖ ነበር። «ትንሽ ሞቋል፤ ትኩስ ነው አይደል፣ አባባ?» አለ።

አቦይ ኩባያውን በሁለት እጃቸው አቅፈው ያዙት፣ የሚሞቁት ይመስል። ወደ እኔ አላዩም። እስከ ጭላጩ ጠጡት። ኩባያውን መልሰው ሰጡትና «ትኩስ ነው፣ የቐንየለይ» አሉት። በእኛ ቋንቋ ማመስገናቸው ነው። ኩባያውን ከእጁ ነጥቄ በጣቴ ነካሁት፤ የወንዝ ድንጋይ ነበር።

ሲነጋ አቦይ ቀና ማለት አልቻሉም። ፊታቸው አመድ መስሏል፣ ላብ በላብ ሆነዋል፣ ጉልበታቸውን አቅፈዋል። ጉሙ ትንሽ ተገፈፈና ከሸለቆው ማዶ ዳዕሮው ወለል ብሎ ታየ። ያን ያህል ቅርብ ነበር፤ ቅርንጫፉ ላይ ዝንጀሮ ቢኖር ይታይ ነበር። ደግፌ አስነሳኋቸው። ቆመው አዩት። አማተቡ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ምን እንዳሉ አልሰማሁም። ከዚያ በራሳቸው ፊታቸውን መልሰው አቀበቱን ጀመሩት። መስቀሉ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ በየእርምጃው ጀርባዬን ይወጋኝ ነበር።

«በሚመጣው ዓመት ተዘጋጅተን እንመጣለን» አለ አማቻችን። «አባባ እኮ ልብስ አሳንሰው ነው።»

ብመልስለት ኖሮ ገደሉ ቅርብ ነበር።

በመልሱ ባቡር እሱ ማዶ ወንበር ላይ አፉን ከፍቶ ተኛ። ያኔ አቦይን ተናገርኳቸው። «ለምን ትኩስ ነው አሉት? ለዚህ ባዶ ጣሳ ብለው ነው ወንድምዎን የተዉት?»

አቦይ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ሳይገልጡ መለሱልኝ።

«እህትሽ ዛሬ ከማን ጋር ነው የምታድረው?»

ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከልኩላቸው።

በሚቀጥለው ጥር ምድጃዬን አዘጋጅቼ፣ ቆዳዋን ዘይት አጠጥቼ፣ ስፒሪቶዋን ሞልቼ ጠበቅሁ። አማቻችንን የሚጠራው ማን ነበር! ነገር ግን በዚያ በኩል ተኩስ መሰማት ጀምሮ ነበር። መጀመሪያ ያለ ፈቃድ መሄድ ተከለከለ፣ ቀጥሎ በፈቃድም ተከለከለ። አቦይ በየዓመቱ ጥር ሲመጣ መስቀሉን አውጥተው ይወለውሉታል፣ መልሰው አልጋው ሥር ከምድጃዬ አጠገብ ያስቀምጡታል። እኔም በየቀኑ በዚያች በተጨረመተች ምድጃ አጥሚታቸውን አፈላላቸው ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ከድታኝ አታውቅም። ዳዕሮው ሥር ሳይደርሱ አረፉ።

ለሐዘኑ ደጃችን ላይ ድንኳን ተተከለ። እኔ ከድንኳኑ ጀርባ ለለቀስተኛው ሻሂ አፈላ ነበር፤ ምድጃዬ ሽሽሽ እያለች። የአማቻችን ድምፅ በሸራው አልፎ ይሰማኛል። ከእንደራሴው ቢሮ የመጡ ባለ ክራቫት ጓደኞቹ መሀል ተቀምጦ፣ አባባን ይዟቸው እንደወረደ፣ በራሱ ገንዘብ ዘመናዊ ምድጃ እንደገዛላቸው፣ እንዴት እንደተመረቀ ያወራል። «አጥሚቱን ጠጥተው ትኩስ ነው ብለው መረቁኝ» አለ። አንዱ ወዳጁ «በዚያ ብርድ እንዴት ሆኖ?» ብሎ ሳቅ አለ። አማቻችን ድምፁን ከፍ አድርጎ ስሜን ጠራ። «ነይ እስቲ፣ አንቺ ነበርሽ! ትኩስ ነበር ወይስ አልነበረም? ንገሪያቸው!»

በራዱን እንደያዝኩ ገባሁ። ስንት ዓመት ስጠብቀው የነበረ ሰዓት ነው። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር፤ መቀሱ፣ ሪባኑ፣ የመኪናው ቤንዚን፣ እሾሁ፣ ሁሉም ተደርድሮልኝ ነበር፣ እዚያ ጓደኞቹ ፊት ቁልቁል ልደፋው። ለቀስተኛው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እህቴ ከሴቶቹ መሀል፣ ነጠላዋን እስከ አገጭዋ ተከናንባ ተቀምጣለች። ቀና ብላ አየችኝ።

«ትኩስ ነበር» አልኩ። «አቦይ እስከ ጭላጩ ጠጡት።»